ግዝትና ጠብታ

አባቴ ሰው ሲገባ ተቀምጦ አይቀበልም። «ኖር!» ብሎ ካልተነሳ ያመዋል። ቡሬ ላይ ይህ ጨዋነት ነው፤ ፍኖተ ሰላም፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ ግን ሊገድለው ነበር።

ልቡ ደክሞ፣ ትንፋሽ አጥሮት፣ የደም ግፊቱ ወርዶ ነው ያመጣነው። ነርሷ ዶፓሚን የሚባል መድኃኒት በክንዱ በጠብታ ጀመረችለት።

«ይህ ልባቸውን አያድንም» አለችኝ ሳትሸነግለኝ። «ለዘመመ ቤት እንደሚደገፍ ባላ ነው። ልባቸው እስኪበረታ ይይዘዋል። ለአፍታም መቋረጥ የለበትም።»

ይህን ለአባቴ ማን ያስረዳው? የቡሬ ሰው ደግሞ በሽተኛ መጠየቅ ነፍሱ ነው። ጎረቤት በገባ ቁጥር ትከሻውን ይዤ አስተኛዋለሁ፣ እቆጣለሁ፤ እሱ «ምነው ልጄ፣ ባለጌ አረግሽኝ እኮ» ይለኛል። በመጨረሻ የንስሐ አባቱ መጡ። ጥምጣማቸውን ገና በሩ ላይ ሲያይ ብድግ አለ፤ መርፌው ተነቅሎ ደሙ አንሶላው ላይ ፈሰሰ። ወዲያው ፊቱ አመድ መሰለ፣ እጁ ቀዘቀዘ፣ ስጠራው መመለስ አቃተው።

ነርሷ ሮጣ መጣች። ሌላ ደም ሥር ፈልጋ ጠብታውን እስክትመልስ ድረስ ቄሱን በግልምጫ ሳነሳቸው ሳፈርጣቸው ቆየሁ። አባቴ ዓይኑን ሲገልጥ እሳቸው መስቀላቸውን ይዘው ወደ አልጋው ተጠጉ።

«ይህ መድኃኒት እስኪነቀል ለማንም እንዳትነሳ፤ ለእኔም ቢሆን። ገዝቼሃለሁ።»

አባቴ ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ አላለም። ሰው ሲገባ በዓይኑ ብቻ ይነሳ ነበር። እኔ በቁጣ ያልቻልኩትን ግዝት ቻለው።

ቄሱ ግን ወደ ቡሬ አልተመለሱም። ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ፤ ምግብ ስወስድላቸው አይቀምሱም። አፍረው ነው ብዬ፣ እሰይ ይበላቸው ብያለሁ።

ነርሷ መድኃኒቱን ቀስ በቀስ እየቀነሰች በመጨረሻ ዘጋችው። ግፊቱን ለካች፤ ቆይታ ደግማ ለካች።

«አሁን በራሳቸው ልብ ነው» አለች።

እጇን ይዤ ሳምኩት። ያሳደገሽ ይባረክ፣ የወለደሽ ይባረክ ስል አፈረችና እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀችኝ።

ወጥቼ ለቄሱ ነገርኳቸው። እየተጣደፉ ገቡና «እግዚአብሔር ይፍታህ» ብለው መስቀሉን አሳለሙት። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ።

«ምነው አባ፣ ዳነልን እኮ» አልኳቸው።

«እንደተገዘተ ቢሞትብኝ ኖሮስ ልጄ? ሳልፈታው እንዳያመልጠኝ ብዬ እኮ ነው ከደጅ ያልጠፋሁት።»

ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።