ከድልድዩ የጀመረው ምስክርነት

ሰርቦችና ሙስሊሞች በሚኖሩባት በድሬኖቫ ከተማ የቤቱን ባለቤት ማንነት ለማወቅ በር ማንኳኳት አያስፈልግም፤ ጣሪያውን ቀና ብሎ ማየት ይበቃል። አንቴናው ወደ ኦሽትሪካ ተራራ ካፈጠጠ ባለቤቱ ክርስቲያን ሰርብ ነው፤ ወደ ብዬሊና ተራራ ካፈጠጠ ሙስሊም፤ በየተራራው ላይ የየወገኑ ቴሌቪዥን ጣቢያ አለ። ሁለቱንም የሚተክለው ግን አንድ ሰው ነበር፤ ቪዶዬ። እሱ ራሱ ሰርብ ነው፤ «መሰላሌ ግን ሃይማኖት የለውም» ይል ነበር። ብሎኑን ያጠብቃል፣ ኬብሉ ዝናብ እንዳያስገባ ወደ ታች አጉብጦ ያስራል፣ ከላይ ሆኖ «አሁንስ?» ይላል፤ ከታች «ምስሉ ጠራ» ሲሉት ይወርዳል። ቴሌቪዥኑ ከጠራ በኋላ የሚያወራው ወሬ የሱ ጉዳይ አልነበረም።

ጉዳዩ የሆነው በጦርነቱ የመጀመሪያ ሰኔ ነው። ድልድዩ ሥር ያደፈጡ ሙስሊም ታጣቂዎች አራት ሰርብ ወታደሮች ገደሉ። አንደኛው የእህቱ የኔቬንካ ልጅ ስርጃን ነበር፤ ሬሳውን ያነሳው ቪዶዬ ራሱ ነው። በማግስቱ ወታደሮቹ የማዘጋጃ ቤቱን አንቴና እንዲያስተካክል ጣሪያ ላይ አወጡት። ከዚያ ሆኖ እነዚያው ወታደሮች የሰፈሩን ሙስሊም ወንዶች እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ አስይዘው ወደ ጡብ ፋብሪካው ግቢ ሲነዱ አየ። ግድግዳ የሚጋራው ጎረቤቱ ፌሪድ በቤት ነጠላ ጫማው ነበር፤ አንዱ ከእግሩ ወልቆበት ሊያነሳው ጎንበስ ሲል በሰደፍ መቱት። ከዚያ ተኩስ ሆነ፤ ከግቢው በሕይወት የወጣ የለም።

ማታ የኦሽትሪካው ጣቢያ «ድልድዩ ላይ ልጆቻችንን የገደሉት ጡብ ፋብሪካው ውስጥ ሲዋጉ ተደመሰሱ» አለ። የብዬሊናው ስለ ፋብሪካው ተናገረ፤ ስለ ድልድዩ ትንፍሽ አላለም። ከከተማው ሁለቱንም የሰማ ከአንቴና ሠሪው በቀር ብዙ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ሰላም ሲሆን የፌሪድ ሚስት ሹህራ ወደ ተቃጠለው ቤቷ ተመለሰች። ቪዶዬ ከማዘጋጃ ቤቱ ጣሪያ ያየውን ሁሉ ሳይደብቅ ነገራት። እሷን የሚያንገበግባት አንድ ነገር ነበር፤ ሰኔ በመጣ ቁጥር ኦሽትሪካ የፌሪድን ፎቶ ከድልድዩ ገዳዮች እንደ አንዱ አድርጎ ያሳያል።

«ጎረቤት» አለችው፣ «ያየኸውን ካሜራ ፊት በልልኝ። አንተ የነሱ ነህ፤ ውሸታም ቢሉኝ እኔን ነው እንጂ አንተን አይሉህም።»

«መሰላሌን ይሰባብሩብኛል።»

«እሱስ አርጅቷል፣ ይገላግሉህ።»

የቀረጸውን ለሁለቱም ጣቢያ የሚሸጥ ዝላትኮ የሚባል ካሜራማን ተጠራ። በድሬኖቫ ሰው የሌላውን ሙት ከማንሳቱ በፊት የራሱን ያስቀድማል፤ ካላስቀደመ ከሃዲ ነው። ቪዶዬም እንደ ወጉ ከድልድዩ ጀመረ፤ ስርጃንን፣ ደሙን፣ እህቱ የጮኸችውን። ከዚያ ወሬውን ወደ ፋብሪካው አሻገረ፤ ነጠላ ጫማውን ሳይቀር ተናገረ።

«አጎቴ ቪዶዬ፣ እንደ ቄስ አስረዘምከው» አለ ዝላትኮ ሽቦውን እየጠቀለለ።

«ቄሳችን ምሳ ሰዓት ሲደርስ ያሳጥራል። እኔ የማሳጥረው የለኝም።»

ሥራውን በደንብ ያጠበቀ መስሎት ነበር።

ሰኔ ላይ ብዬሊና ፋብሪካውን ብቻ አሳየ፤ ኦሽትሪካ ድልድዩን ብቻ፤ አስከትሎም የፌሪድን ፎቶ። ኔቬንካን አንድ ሰው የብዬሊናውን ስርጭት አሳይቷት ኖሮ ቪዶዬ በር ላይ ደረሰች።

«የኔን ልጅ ውጠህ ለነሱ አለቀስክ።»

«ከሱ ነው የጀመርኩት እኮ፣ እህቴ።»

«እኔ አላየሁም።» ገብታ አልተቀመጠችም።

ሹህራ ግን ያየችው የኦሽትሪካውን ነበር። አጥሩን ተደግፋ ቆመች፤ ደህና ዋልክም አላለችው።

«ቆረጡት» አላት ፈጥኖ። «ሁሉንም ተናግሬያለሁ።»

«ባይቆርጡትስ? ከድልድዩ ስትጀምር ሰሚው ፌሪድን ድልድዩ ላይ ነው የሚያቆመው። ለድልድዩ ደም የፋብሪካው ደም ተከፈለ ይላል። ፌሪድ ድልድዩ ላይ ነበር?»

«አልነበረም። ድልድዩ ላይ ሲተኮስ እኔ ጣሪያዬ ላይ ነበርኩ፤ እሱ ከታች መሰላል ይዞልኝ ነበር።»

«ይህን ተናገርክ?»

አልተናገረም። ሬሳ ለማንሳት ሲጠሩት መሰላሉን የያዘለት ፌሪድ እንደነበር ያን ያህል ዓመት ሲያወራ አንድም ቀን ከአፉ አልወጣም፤ ነገሩን የሚጀምረው ሁልጊዜ የራሱ ሐዘን ከደረሰበት ከድልድዩ ነው።

በማግስቱ ዝላትኮን ፍለጋ ሄደ። ከመሰላሉ ጀምሮ እንደገና እንዲቀርጸው ለመነው።

«አጎቴ፣ ሁለቱም የሚፈልጉትን አግኝተዋል። ያንኑ ሰው ሁለተኛ የሚገዛኝ የለም።»

«የመጀመሪያውን እንዳያሳዩ ብታደርግስ?»

«የሸጥኩትን እንዴት ብዬ ልመልስ?»

ከዚያ ወዲህ ለአንቴና የሚጠራው ጠፋ። የሰርቦቹ ሰፈር አኮረፈው፤ ሙስሊሞቹ የሳተላይት ሳህን የሚተክል ወጣት ከሌላ ከተማ አስመጡ። የቪዶዬ ድምፅ ግን በየሰኔው ከሁለቱም ተራራ ይመጣል፤ ከአንዱ ድልድዩ፣ ከሌላው ፋብሪካው፣ ከአንዳቸውም መሰላል የያዘው ፌሪድ የለም።

በሦስተኛው ሰኔ ወደ ሹህራ አጥር ሄደ። ልብስ እያሰጣች ነበር።

«ያን ጠዋት» አላት፣ «ጣሪያዬ ላይ ነበርኩ፤ ፌሪድ መሰላሉን ይዞልኝ ነበር። ጥይቱ ሲጮህ እንኳ አለቀቀውም...»

አንሶላውን አራግፋ ሽቦው ላይ ዘረጋችው፤ ፊቷ ከኋላው ተሸፈነ።

«ለኔ ምን ያደርግልኛል፣ ጎረቤት» አለች። «እኔማ አውቀዋለሁ።»