የለም ያልኳቸው እናት

በሕይወቴ በብዙ ነገር ኮርቼ አላውቅም። ኮራሁ ካልኩ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ በገዛ እጄ በጻፍኩት አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። የምጸጸተውም በእሱው ነው።

ወላጆቼ ከጎንደር ወደ ሱዳን የተሻገሩት በሰባ ሰባቱ ረሃብ፣ እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። መጠለያ ጣቢያ አድጌ፣ ትምህርቴን በዐረብኛ ጨርሼ፣ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ በተከፈተ አንድ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ገባሁ። ለሃያ ተማሪ አራት ኮምፒውተር ነበር። ስክሪኑ ጥቁር፣ ፊደሉ አረንጓዴ። መብራት በመጣ ቁጥር ወንበር ለመያዝ እንሻማለን። ከክፍሉ ሐበሾች ሁለት ብቻ ነበርን፤ እኔና አንዲት እኩያዬ። እሷ ከወሎ ከመጡ ሙስሊም ቤተሰቦች ሱዳን የተወለደች ስለሆነች፣ ወሬ በአማርኛ ጀምራ በዐረብኛ ነው የምትጨርሰው። «ያ አኹይ» ትለኛለች፤ ወንድሜ ማለቷ ነው። እኔም እኅቴ እላታለሁ።

ትምህርቱ ለእኔ ውኃ ሆነልኝ። ሌሎቹ አንድ ሳምንት የሚታገሉበትን እኔ በአንድ ከሰዓት እጨርሰዋለሁ። ሱዳናዊው መምህራችን አንድ ቀን የጻፍኩትን ሲያይ ቆየና፣ «አንተ ለዚህ የተፈጠርክ ነህ» አለኝ። ሰውየው ደግ ነበር። ነገር ግን ያቺን ቃል ባልሰማ ይሻለኝ ነበር እላለሁ አሁን።

እንደጨረስን የከተማው ሐበሾች ማኅበር ሁለታችንንም ቀጠረን። በየዓመቱ ዝናብ ሲገባ ከጎንደርና ከመተማ ቆላ ለሰሊጥና ለማሽላ ሥራ የሚሻገረው ሰው ብዙ ነው። ታሞ የሚቀር አለ፤ ከእርሻ እርሻ ሲዞር ወሬው የሚጠፋ አለ። ከዚያ እናት ወይም ወንድም ፍለጋ ይመጣል። ስለዚህ ማኅበሩ በየእርሻው አካባቢ፣ በዶካ፣ በባሱንዳና በፋው፣ ሰዎች አቁሞ የሠራተኛውን ስም፣ አገሩንና የሚሠራበትን እርሻ በደፍተር ያስጽፍ ነበር። ደፍተሮቹ በሎሪ ገዳሪፍ ይመጡልናል። እኛ ወደ ኮምፒውተር እንገለብጣቸዋለን፤ ፈላጊ ሲመጣም እንፈልግለታለን።

ፕሮግራሙን ብቻዬን በሦስት ወር ጻፍኩት። ያን ጊዜ በእጃችን የነበረው ማሽን አማርኛም ዐረብኛም ስለማያውቅ፣ ስሙን ሁሉ በእንግሊዝኛ ፊደል እየለወጥን ነበር የምናስገባው። ፈላጊው ስም ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ማሽኑ ፊደል በፊደል ያመሳክራል። ከገጠመ የእርሻውን ስም ያወጣል። በመጀመሪያው ዓመት አንድ አባት ልጁን ዶካ አጠገብ አገኘና ተመልሶ መጥቶ ሁለት እጄን ይዞ ሳመ። ከዚያ በኋላ በዚያ ፕሮግራም ላይ ክፉ የሚናገር ሰው ለእኔ ጠላት ነበር።

ጥቂት ዓመት አለፈ። ከኻርቱም የሚመጡት ኮምፒውተሮች ሌላ ዓይነት ሆኑ፤ ባለቀለም፣ በማውስ የሚሠሩ። ገበያው አጠገብ ኢንተርኔት ቤት ተከፈተ። እኅቴ ከሥራ ስትወጣ ወደዚያ ትሄዳለች፤ በማግስቱ አዲስ ነገር ይዛ ትመጣለች።

«ያ አኹይ፣ አሁን አማርኛና ዐረብኛ ባንድ ስክሪን መጻፍ ይቻላል። ወላሂ በዓይኔ አየሁ» አለችኝ አንድ ጠዋት። «ስሙን ሰዉ እንደሚጠራው እንጽፈዋለን። ተቀራራቢ ፊደሎችን አብሮ እንዲፈልግ ማድረግም ይቻላል።»

«የሚሠራ ነገር ለምን ይነካል?»

«እንደሚሠራ በምን አወቅህ?»

«ሰው እያገኘ አይደል እንዴ?»

«ያገኘውንማ ታያለህ። ያላገኘውን ማን ይነግርሃል?»

 ሳቅሁባት።

እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነበር። እሷ ሳታውቅ አንድ ዓርብ ኢንተርኔት ቤቱ ሄጄ፣ አዲሱን አሠራር የሚያስተምር ጽሑፍ ከፍቼ ነበር። ከመጀመሪያው ገጽ ግማሹን አልተረዳሁትም። እኔ፣ ለዚህ የተፈጠርኩት ሰው! አጠገቤ ያሉት ተማሪዎች እየተሳሳቁ ይሠራሉ። ሸሚዜ በላብ ርሶ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላኝ ተነሥቼ ወጣሁ፤ ሁለተኛም አልተመለስኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማላውቀውን ሁሉ ማናናቅ ያዝኩ። «ፋሽን ነው፤ ያልፋል» እል ነበር። ማኅበሩ ለአንድ ሰው የሦስት ወር ሥልጠና ኻርቱም ውስጥ ሲያገኝ አስቀድሞ የተጠየቅሁት እኔ ነበርኩ። ሥራ አለብኝ ብዬ እምቢ አልኩ። እሷ ሄደች። ስትመለስ ስለተማረችው አንዲት ጥያቄ እንኳ አልጠየቅኋትም።

እኒያ እናት የመጡት በዚያው ዓመት፣ የሰሊጡ አጨዳ ሊያልቅ ሲል ነው። ረፋድ ላይ ነበር። ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ ከመተማ ወዲያ ካለ ገጠር በገላባት ተሻግረው እስከ ዶካ በሎሪ፣ ከዚያ በአውቶቡስ የመጡ ሴት ናቸው። ወንበሩ ጫፍ ላይ ነው የተቀመጡት፤ ወንበሩን እንዳይጎዱት የሚጠነቀቁ ይመስሉ ነበር። ልጃቸው ለሥራ ከወጣ ሦስት ክረምት ሆኖታል። ወሬ የለም።

«ስሙን ይንገሩኝ እናቴ» አልኳቸው።

ነገሩኝ። ስሙ በ«ጸ» የሚጀምር ነው፤ በእሳቸው አገር ግን ሰዉ «ጸ»ን «ጠ» አድርጎ ነው የሚጠራው። እኔም ከአፋቸው እንደሰማሁት በእንግሊዝኛው «ቲ» ጀምሬ ጻፍኩት። ማሽኑ ትንሽ አሰበ። ከዚያ አልተገኘም አለ።

«የለም እናቴ።»

«ተሳስቶ እንደሁስ ልጄ?»

«ማሽን አይሳሳትም።»

ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉ። «እንግዲያ ባሱንዳ የሚባለው ዘንድ ልሂድ። እዚያ ካጣሁት ፋው እሻገራለሁ። እየጠየቅሁ፣ እርሻ እርሻውን። ስንቄን ይዣለሁ፤ እግሬም ገና ነው።»

እኅቴ ከወዲያኛው ጠረጴዛ ተነሥታ መጣች። «እማማ ዛሬ እኔ ቤት ይደሩ። እኛ ደፍተሮቹን አንድ በአንድ እናያለን።» ወደ እኔ ዞረችና፣ «ያ አኹይ፣ አንድ ቀን ነው» አለች።

በሰው ፊት የተናቅሁ መሰለኝ። «ደፍተር የምናገላብጥ ከሆነ ኮምፒውተሩን ምን አመጣው?» አልኳት። ወደ እናትየው ዞሬም፣ ድምፄን ለስለስ አድርጌ፣ እንደሚያዝን ሰው፣ «አይልፉ እናቴ። ባሱንዳም ፋውም ያለው ሰው ሁሉ እዚህ ውስጥ ተጽፏል። ቢኖር ይወጣ ነበር» አልኳቸው።

ስክሪኑን ትክ ብለው አዩት። ማንበብ አይችሉም። ግን አዩት።

«እንግዲህ እርሜን ላውጣ» አሉና ተነሡ።

እኅቴ ስማቸውን፣ አገራቸውንና የልጃቸውን ስም በአማርኛ ጻፈች። ፈልገን ያላገኘናቸውን የምትጽፍበት የራሷ ደፍተር ነበራት። ከዚያ እስከ አውቶቡስ ተራው ሸኘቻቸው። እኔ ቀጣዩን ባለጉዳይ አስገባሁ።

ከዚህ በኋላ ሦስት ዓመት ያህል እንደወትሮው ሠራን። አንድ ቀን ፕሮግራሙ ያለበት አሮጌ ኮምፒውተር ተበላሸ፤ ብንለው ብንሠራው አልነሣ አለ። ፕሮግራሙ ያለባቸውን ፍሎፒዎች ይዤ ገበያ ብወጣ የሚያነባቸው ማሽን የለም። አንዱ ባለሱቅ ጓደኛውን ጠርቶ እያሳየ ሳቀ። ማኅበሩ ሥራውን ለእኅቴ ሰጣት። እሷ በአማርኛና በዐረብኛ የሚሠራ አዲስ ፕሮግራም ጻፈች፤ እኔ አኩርፌ፣ የደፍተሮቹን ስሞች እንደ ጀማሪ ጸሐፊ እንደገና መልቀም ያዝኩ። ብዙ ወር ፈጀ።

ሲያልቅ ለመሞከር ያንን ያልተገኙትን የጻፈችበትን ደፍተር አወጣችና አጠገቧ አስቀመጠችኝ። የመጀመሪያው አልወጣም። ሁለተኛውም። ሦስተኛውን ስትጽፍ ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመር ወጣ። ስም፣ የአባት ስም፣ አገር፤ ሁሉም ገጠመ። አንደኛው መስመር ከባሱንዳ ነው፤ ሁለተኛው በዓመቱ ከፋው።

«የማን ነው?» አልኩ።

ደፍተሩን ወደ እኔ ገፋ አደረገችልኝ። የእኒያ እናት ልጅ ነበር።

የባሱንዳውን ደፍተር አንሥቼ ገለጥኩ። ጸሐፊው ስሙን በዐረብኛ፣ በ«ሷድ»፣ በወፍራሙ «ስ» ፊደል ነው የጀመረው። እኔ ያን ጊዜ ሳስገባው በእንግሊዝኛው «ኤስ» አድርጌዋለሁ። ከስሙ ጎን ማስገባቴን ለማሳየት ያደረግኋት ምልክት በራሴ ቀለም እዚያው አለች። እናትየው ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሲጠይቁኝ ልጃቸው ማሽኑ ውስጥ ነበር። እኔ በ«ቲ» ስጠራው እሱ «ኤስ» ላይ ተቀምጦ ነበር።

እኅቴ አልወቀሰችኝም። «ነገ ጠዋት ፋው እንሂድ» ብቻ ነው ያለችው።

ፋው ስንደርስ ከአንድ የመስኖ ቦይ ዳር፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ውኃ ሲያዞር አገኘነው። ረጅም፣ ከሲታ ነው። ማን እንደሆንን ስንነግረው አካፋውን ሳይለቅ፣ «እናቴ ደኅና ናት?» አለ። አናውቅም ነበር። ሁለት ጊዜ በተመላሽ ሰው መልእክት ልኮ መልስ ስላላገኘ፣ ተቀይመውኛል ብሎ ዝም ማለቱን ነገረን። ባዶ እጁን መመለስም አፍሮ ነበር።

በአንድ የሎሪ ሾፌር በኩል ወደ መተማ መልእክት ላክን። ሁለት ሳምንት ሊሞላው ሲል ዘመዳቸው የሆነ ሰው ማኅበሩ ስልክ ላይ ደወለ። ያነሣሁት እኔ ነበርኩ። እሱ እንደነገረኝ፣ እናትየው ያን ጊዜ አገራቸው እንደገቡ ልጄ ሞቷል ብለው ተናገሩ። ለቅሶ ተቀመጡ፤ ተዝካሩንም አወጡ። ጥቁር እንደለበሱ ሦስት ዓመት ኖሩ፤ ባለፈው ዐቢይ ጾም ዐረፉ።

ልጁ ወሬ ለመስማት ገዳሪፍ ሲመጣ የነገርኩት እኔ ነኝ። አላለቀሰም፤ ቢሮውን ዙሪያውን አየ።

«እዚህ መጥታ ነበር ብላችሁኛል» አለ።

«አዎ። እዚህ ነው የተቀመጡት።»

ያን ጊዜ መናገር እንዳለብኝ ገባኝ። «ስምህ ማሽኑ ውስጥ ነበር» አልኩት። «ያጻጻፉ ልዩነት ነው። ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የለም ያልኳቸውም እኔ ነኝ። ባሱንዳ ሄጄ ልጠይቅ ሲሉ አይልፉ ብዬ የመለስኳቸውም እኔ ነኝ።»

«ባሱንዳ ልትመጣ ነበር?»

«አዎ።»

«ያን ዓመት አጨዳው እስኪያልቅ ባሱንዳ ነበርኩ» አለ።  በመስኮቱ አቧራ ይገባል፣ ውጭ ሰው ይጣራል፤ እኔ ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም። በመጨረሻ፣ «ስሜን እንዴት ብላ ነው የነገረችህ?» አለኝ።

እሳቸው እንዳሉት፣ በ«ጠ» ጠራሁለት።

«እንደዚያ ነው» አለ።  በሳምንቱ ወደ አገሩ ሲሻገር እኅቴ እስከ ዶካ ሸኘችው። እኔ አልሄድኩም፤ የምሄድበት ፊት አልነበረኝም። አልረገመኝም፤ ይቅር ብዬሃለሁም አላለኝም። አሁን የት እንዳለ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ እኅቴን አስተምሪኝ አልኳት። ሠላሳ አልፎኝ ነበር። ድሮ በአንድ ከሰዓት እጨርስ የነበርኩት ሰውዬ ለአንዲት ነገር ሳምንት የምታገል ሆንኩ። እሷ ትታገሠኛለች። አንዳንዴ የማይገባኝን ገብቶኛል እላታለሁ፤ ታውቅብኛለች፤ ከመጀመሪያው ትጀምራለች። በዚያ ዓይነት ሁለት ዓመት ተማርኩ። የእሷን ያህል አልሆንኩም። እሷ የጻፈችውን ለመጠገን ያህል ግን በቃሁ፤ ካልተገኙት ስሞችም አንዳንዶቹን አውጥተን ለቤተሰብ አገናኘን። ደስታው እንደ ድሮው አልነበረም። አንድ ሰው በተገኘ ቁጥር፣ ይህ ሰው ቀድሞ መገኘት ይችል ነበር የሚል ነገር ይመጣብኛል።

ባሏ ፖርት ሱዳን ሥራ አግኝቶ ልትሄድ ስትል አውቶቡስ ተራው ድረስ ዕቃዋን ይዤላት ሄድኩ። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል መስኮቱን ከፈተችና፣ «እኒያን እማማ ራሴ ባሱንዳ ልወስዳቸው ይገባኝ ነበር» አለች።

«አንቺማ ተናግረሽ ነበር» አልኳት።

«ተናገርኩና ዝም አልኩ። ለአንተ ብዬ። በሰው ፊት እንዳላዋርድህ።»

እስከዚያች ቀን ድረስ ጸጸቱን ብቻዬን የያዝኩት ይመስለኝ ነበር። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም ልላት ስል ሾፌሩ ጥሩንባውን ነፋ፤ አልሰማችኝም መሰለኝ፤ እጇን አውለበለበችልኝ።