ለገሰን የጠራችው ሴት

ሙሉዓለም አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት መሥራት ከጀመረች ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እጇም ምላሷም ፈጣን ነው፤ ምስጢር ግን መያዝ ታውቅበታለች። ከባሏ ከለገሰ የደበቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱንም ሦስት ዓመት ሙሉ።

ያን ጊዜ ለገሰ ቤት ውስጥ ብቻውን ሳለ ልቡን አሞት ወደቀ። የሠፈሩ አምቡላንስ በአራት ደቂቃ ደርሶ አተረፈው። ማን ደወለ? እሷ እንደሆነች ለአዛውንቶቹ ሾርባ እየጨለፈች ነበር። ጠዋት የቆለፈችውን በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ነው ያገኙት። የአምቡላንሱ ሰው የደወለው ሰው ሴት እንደሆነች ነገራት፤ “ኃይለመለኮት ወድቋል” ብላ ነበር። ወይ ጉድ! ኃይለመለኮት የለገሰ የክርስትና ስሙ ነው፤ ከሁለቱና ከንስሐ አባታቸው በቀር የሚያውቀው የለም። ገና ያላገገመ ሰው አላስደነግጥም ብላ ነገሩን ዋጥ አደረገችው።

ዘንድሮ ደግሞ ካውንቲው፣ የአካባቢው አስተዳደር፣ የቤት ግብር ይጨመር ወይስ አይጨመር ብሎ ሕዝቡን ጠየቀ። ካልተጨመረ ያ የአምቡላንስ ጣቢያ ይዘጋል። ከተጨመረ ደግሞ እነ ሙሉዓለም ቤቱን መሸጣቸው ነው፤ የአሁኑንም የሚከፍሉት በመከራ ነው። ለገሰ ቁርጡን ተናግሯል። ድሮ ተከራይተው ይኖሩበት ወደነበረው ላንግሊ ፓርክ አፓርታማ ተመልሶ እንደማይገባ፣ ከዚህ ቤት የሚወጣው በሬሳ ሣጥን እንደሆነ ምሏል። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይባል የለ፣ እሷም “ኖ” እላለሁ ብላዋለች።

የምርጫው ዕለት እሱ በምሳ ሰዓት ሄዶ መረጠ፤ እሷ ከሥራ መልስ ሄደች። እስክሪብቶዋን “ኖ” ላይ አሳረፈች፤ እጇ እንቢ አላት። ያቺ ሴት ዳግመኛ ብትደውል ማን ይመጣል? “የስ”ን አጥቁራ ወጣች። ባሏን ከቤቱ ያስወጣችው መሰላት።

ቤት ስትደርስ ለገሰ ኮቱን ሳያወልቅ ሳሎን ተቀምጧል። ሳይጠይቃት ተናዘዘች። አልተቆጣም።

“እኔም የስ ነው ያልኩት” አላት። “ኖን ላጠቁር ስል አንዲት ሴት ከኋላዬ ኃይለመለኮት ብላ ጠራችኝ። ብዞር ግድግዳ ነው።”

ሙሉዓለም የሦስት ዓመቱን ምስጢር እዚያው እንደቆመች ዘረገፈችው። ከዚያ ድምፁ የማን ድምፅ እንደሚመስል ጠየቀችው።

“ያንቺ ነዋ። አንቺ የመጣሽ መስሎኝ እኮ ነው የዞርኩት።”

እሱ በመረጠበት በዚያ የምሳ ሰዓትም እሷ ለአዛውንቶቹ ሾርባ እየጨለፈች ነበር።