መባ ውስጥ የገባው ዕውር አንበሳ

ነገሩ የሆነው ባለፈው የበቆሎ እሸት ሰሞን፣ እዚሁ ሶዶ ነው። ደክሞኝ ጋደም ባልኩ ቁጥር ትዝ ይለኝና እስቃለሁ፤ ስስቅ ደግሞ ወገቤን ያመኛል።

ሲሠራ የተበላሸ ሳንቲም እሰበስባለሁ። ፊደሉ የጎደለ፣ ሥዕሉ የተንጋደደ። የጡረተኛ ሥራ ነው። ጎረቤቶቼ «ዋናው ብልሽት ሰብሳቢው ነው» ይላሉ፤ አልከራከራቸውም።

ከሁሉም የምሳሳለት አንድ ባለ አንድ ብር ሳንቲም ነው፤ አንበሳው ዓይን የለውም። ያገኘችው ባለቤቴ ማርታ ነበረች፣ ቅቤ ሸጣ ስትመለስ። «እንካ፣ እንዳንተው የማያይ ነው» ብላ ሰጠችኝ። ከሞተች ወዲህ ከኪሴ አይለይም።

የዚያን እሑድ ቤተ ክርስቲያን የመባ ከረጢት ሲዞር እጄ የገባልኝን ጨመርኩ። ሞራ የሸፈነው ዓይኔ ምን ይለያል? መዝሙሩ ሳያልቅ ኪሴን ዳበስኩ፤ አንበሳው የለም።

የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ዘንድ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ለጌታ የተሰጠ አይመለስም» አለኝ። «ግን እንደ ዶሮውና እንደ እሸቱ በጨረታ እናውጣው።» በዓይነት የመጣ መባ ከአምልኮ በኋላ ግቢው ውስጥ ለምእመኑ ይሸጣል፤ የቆየ ልማዳችን ነው።

ከዶሮዎቹ ቀጥሎ የእኔ አንበሳ ተነሣ። ሽማግሌው «ዓይን የሌለው ነው» ሲል ወጣቶቹ ስልካቸውን አወጡ። እንዲህ ያለ ሳንቲም መኪና ይገዛል የሚል ወሬ ኢንተርኔቱ ላይ ሞልቷል። እኔ ሃምሳ ስል አንዱ መቶ አለ። ሁለት መቶ አልኩ፤ ያለኝ እሱው ነበር። ከኋላ «አምስት መቶ» የሚል ድምፅ መጣ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ይሄኔ ባሎቴ ብድግ አለች። ቅቤ ተራ ከማርታ ጎን ትሸጥ የነበረች ናት።

«ልጆች፣ ይሄ የማርታ ሳንቲም ነው። ባሏ ዓይኑ እምቢ ብሎት ነው የከተተው።»

አምስት መቶ ያለው ልጅ «እኔ ትቻለሁ» አለ። ሌላ ተጫራች ጠፋ።

ሁለት መቶዬን ከፍዬ ሳንቲሜን ስቀበል ባሎቴ ጠጋ አለችኝ። «ማርታ ብትሰማ፣ አንድ ብር በሁለት መቶ የሚገዛ ባል ነበረኝ እያለች ገበያውን ታስቅብህ ነበር።»

አሁን ሌላ ሳንቲም መፈለጉ ሰልችቶኛል፤ ዓይኔም ደክሟል። ያንን ግን ዛሬም ቤት ትቼው መውጣት አልቻልኩም። እሑድ ከረጢቱ ወደ እኔ ሲቃረብ፣ ባሎቴ ከሴቶቹ ወንበር አንገቷን ታሰግጋለች። መዳፌን ዘርግቼ የያዝኩትን አሳያታለሁ። ራሷን ስትነቀንቅልኝ እጨምራለሁ።