ሲጀምሩ ቅጂ

ስማርት ስልክ የገዛችልኝ የወንድሜ ልጅ ናት። ዘንዘልማ ከተሠሩት አዳዲስ ቤቶች በአንዱ ትኖራለች፤ መምህርት ናት፤ ልጆቿን አድርሳለች። ስልኩን ከነካርቶኑ ጭኔ ላይ አስቀመጠችና «እትዬ፣ ያችን ባለ ቁልፏን ከዛሬ ጀምሮ ጡረታ አውጫት» አለችኝ።

«ጡረታ የወጣነውማ ሁለታችንም ነን፤ ለዚህ ነው የተግባባነው» አልኋት።

መጀመሪያ የተማርሁት ጽሑፍን በሁለት ጣት መዘርጋት ነው። ዓይኔ ከደከመ ቆይቷል፤ ፊደሉ እየሰፋ ወደ እኔ ሲመጣ ደስ አለኝ። ዳዊት ደገምሁበት፤ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተጻፈውን ፎቶ አንስቼ አነበብሁበት። በሳምንቱ የወንድሜ ልጅ አባቷ ያዘጋጀውን የትንሽ መጽሐፍ ረቂቅ ላከችልኝ። ለአባታችን መታሰቢያ የሚታተም ነው። አባታችን በጣና ዳር ካሉት አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ሰው ሁሉ የኔታ ይላቸው ነበር፤ እኛ ልጆቻቸውም እንዲሁ።

ገጹን እየገፋሁ ሳነብ እንዲህ የሚል አገኘሁ፤ «የየኔታ የመጨረሻ ቅኔ፣ የቤት ሰዎች መሣሪያውን መጠቀም ባለመቻላቸው፣ ሳይቀረጽ ጠፍቷል።» «የቤት ሰዎች» የሚለውን በሁለት ጣቴ ዘረጋሁት፤ እስክሪኑን እስኪሞላው ድረስ። የቤት ሰዎች ማለት እኔ ነኝ። ያን ዕለት ከቤት ሰው መቅረጫ ቴፑ አጠገብ የነበርሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ቅኔውም አልጠፋም። እኔ ዘንድ አለ፤ ስድስቱም ስንኝ፣ ስድስቱም ቤት፣ ቃል ሳይጎድል። ይህን ሁሉ ዓመት ለማንም አልተናገርሁም።

ከቴፑ በፊት ቤታችን የነበረው ሬዲዮ ነው። ወፍራም የባትሪ ድንጋይ የሚበላ ሬዲዮ ነበር፤ ድንጋዩ ሲደክም አውጥቼ ፀሐይ ላይ እደረድረዋለሁ፣ ሙቀት ሲጠጣ አንድ ሁለት ቀን ደግሞ ያወራል። ጎረቤታችን ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ሙስሊም ነው፤ ከሐይቁ ሲመለስ መረቡን አጥር ላይ ይሰቅልና ዜና ሊሰማ ደጃፋችን ላይ ይቀመጣል። የኔታ ዜናውን በሚገባው መንገድ ይተረጉሙለታል። እሱ ደግሞ ዓሣ ለጾም ይበላል አይበላም እያለ ያሾፍባቸዋል። የኔታ «አንተ ልትሸጥ ነው እንጂ ልትማር አልጠየቅህም» ይሉት ነበር። ያን ቤት ሳስብ የሚመጣልኝ የእርጥብ መረብ ሽታና የዚያ ሬዲዮ ጉርምርምታ ነው። መስኮቱን ስከፍት ሐይቁ ነበር፤ ዛሬ መስኮቱ ፊት ለፊት ባለ አራት ፎቅ ቆሟል።

ቴፑን ወንድሜ ከአዲስ አበባ አመጣው። እዚያ መሥሪያ ቤት ይሠራ ነበር። በጋቢ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን ታቅፎ ነው ከአውቶቡስ የወረደው። ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው፤ እኔ ዳንቴል ሠርቼ አለበስሁት። ዳንቴሉን ለመሥራት ተፈቅዶልኛል፤ ቴፑን መንካት ግን አልተፈቀደልኝም። «ቅቤ በነካ እጅሽ እንዳትነኪው» አለኝ፤ አንዴ ሳይሆን በመጣ ቁጥር። በኋላ ፍሪጅ ሲያመጣም እንዲሁ ሆነ። ፍሪጁን እንደ እንግዳ ሳሎን አስቀመጥነው፤ ዳንቴልና የላስቲክ አበባ ጫንንበት፤ ውስጡ ግን ከውኃ በቀር ምንም እንዳይገባ ታዘዝሁ። ሰው ሲመጣ በሩ ይከፈትና መብራቱ ይታያል፤ ይዘጋል። እናታችን ቀደም ብላ ስላረፈች ቤቱን የያዝሁት እኔ ነበርሁ፤ የዕቃው ባለቤት ግን ሁልጊዜ እሱ ነበር።

የማኅበሩ ተራ የደረሰን ጥቅምት ላይ ነው። ሳሎኑ በካህናትና በሽማግሌዎች ጢም ብሏል። ወንድሜ ፈቃድ ጠይቆ መጥቷል፤ የየኔታን ቅኔ በካሴት ሊያስቀር። ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ ይህን አልክደውም። ቅኔ አንድ ጊዜ ይባላል፣ የሰማው ሰማ፣ ያልሰማው ቀረ። ለሌላ ቀን ሌላ አዲስ ይመጣል እንጂ የትናንቱ አይደገምም።

የኔታ አንድ ልማድ ነበራቸው። ቅኔ ሊናገሩ ሲሉ በየሰዉ ፊት ሙሉ ብርጭቆ እንዲኖር ይወዳሉ፤ መሀል ላይ «ቅዱልኝ» የሚል ሰው ሲያቋርጣቸው ይከፋቸዋል። ስለዚህ አፋቸውን ሲያሟሹ ጠላውን ማዞር የእኔ ሥራ ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ።

የደብሩ አስተዳዳሪ መጡ ተባለና ወንድሜ ሊቀበላቸው ወደ ውጭ በር ሮጠ። ሲያልፍ ጆሮዬ ሥር «የኔታ ሲጀምሩ ቅጂ፤ እንዳትረሽ» አለኝ።

«ምን ነካህ፤ መቼ ረስቼ አውቃለሁ?» አልሁት። ማንቆርቆሪያው በእጄ ነበር።

የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኔም ቀዳሁ። ከዳር እስከ ዳር፣ አንድ ጠብታ መሬት ሳይነካ፣ እግሬ ሳይሰማ። እሳቸው ጀመሩ፤ እኔ እየቀዳሁ ሰማሁ።

ቅኔው ስለ ሳምራዊቷ ሴት ነበር፤ ከጉድጓድ ውኃ ልትቀዳ መጥታ ያልጠበቀችውን ውኃ ስላገኘችው። ይህ ሰሙ ነው። ወርቁን እኔ አውቀዋለሁ። ልጅ ሳለሁ ተማሪዎች ደጃችን ተቀምጠው ቅኔ ሲቆጥሩ ከመስኮቱ ሥር ባቄላ እየፈለፈልሁ እሰማ ነበር። አንድ ቀን አንዱ ተማሪ የመጨረሻው ቤት ጠፍቶት ሲጨነቅ እኔ ከመስኮቱ ሥር ሞላሁለት። የኔታ ቀና አሉ፤ ሳቁ፤ እስቲ ደግመሽ በይው አሉኝ። አልሁት። አዩኝና «ሂጂ፣ ወደ ጓዳ ግቢ» አሉ። ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን አንስተውት አያውቁም። ስለዚህ ያን ዕለት በጉባኤው መሀል፣ ልትቀዳ መጥታ ስለሰማች ሴት ሲናገሩ፣ ለማን እንደሆነ ማንም ሊያስረዳኝ አላስፈለገም።

ወንድሜ አስተዳዳሪውን ይዞ ሲገባ ጉባኤው ቅኔውን እያደነቀ ነበር።

«ቀዳሽ?» አለኝ።

«ቀዳሁ።»

«ከመጀመሪያው?»

«ከመጀመሪያው። ማንንም አልዘለልሁም።»

ግራ ገብቶት አየኝ። ዳንቴሉን ገልጦ ካሴቱን ወደ ኋላ መለሰና ከፈተው። ሽሽሽ አለ። ሌላኛውን ገጽ ገለበጠ። ሽሽሽ አለ።

«ቅጂ ብዬሽ አልነበር?»

«ቀዳሁ አልሁህ እኮ።»

«ምኑን?»

«ጠላውን ነዋ።»

መጀመሪያ የሳቁት አንድ መነኩሴ ናቸው፤ ከዚያ ቤቱ በሙሉ ሳቀ፤ የኔታም እንባቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። ይድገሙልን ሲሏቸው «ለተባለለት ደርሶታል» ብለው ብርጭቋቸውን አነሡ። ወንድሜ አልሳቀም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ መሣሪያ ለማያውቅ እጅ አደራ የሰጠሁት» አለ።

ለማያውቅ እጅ። እኔ በዚያን ጊዜ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርሁ። የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ላይ አንድ «ሎ» ለመጻፍ መጀመሪያ ለ፣ ከዚያ ቅጥያዋን መምታት ነበረብን፤ እኔ እያወራሁ እመታው ነበር። በኋላ ኮምፒውተር ሲመጣ ክፍሉ ምንጣፍ ተነጠፈለት፣ መጋረጃ ተሰቀለለት፣ እኛም እንደ ቤተ ክርስቲያን ጫማችንን በር ላይ እያወለቅን ገባን። ለሥልጠና የተላኩት ሁለት ወንዶች ነበሩ። ሲመለሱ አንደኛው የመዝጊያውን ቁልፍ ስለረሳው ለምሳ እንኳ ሳይወጣ ማሽኑን ሲጠብቅ ዋለ። እኔ በምሳ ሰዓት በባዶ እግሬ እየገባሁ በወር ለመድሁት። ዋና ጸሐፊነቱን ግን ለሠለጠነው ሰጡት። የእሱን ደብዳቤ ጡረታ እስክወጣ የጻፍሁለት እኔ ነኝ፤ እሱም ያውቀዋል፤ በሕይወት አለ፣ ገበያ ስንገናኝ ሰላምታውን ያሳጥራል።

ወደ ወንድሜ ልመለስ። ቅኔውን እንደያዝሁት በማግስቱ ልነግረው አስቤ ነበር። ጠዋት ስነሣ ቴፑን በጋቢ ጠቅልሎ ጨርሷል። «እዚህ ትቼው አልሄድም» አለ፤ ወደ እኔ ሳያይ። ዳንቴሉን ጠረጴዛው ላይ ጥሎት ሄደ። እኔም አፌን ዘጋሁ። እስከዚያ ቀን አንተ እለው ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ እርስዎ አልሁት። ዘመድ ሁሉ ታላቅ ወንድሟን አከበረች አለ። እሱ ግን ገብቶታል።

የኔታ ለፋሲካ አልደረሱም። ከጉባኤው የነበሩት ሊቃውንት ቅኔውን ለማስታወስ ሞክረው ሦስተኛው ቤት ላይ ተጣሉ፤ እነሱም አንድ በአንድ አለፉ። የጠላዋ ነገር ግን አላለፈም። ሠርግ ላይ፣ ተዝካር ላይ፣ ወንድሜ ባለበት ሁሉ ይወራል። መጀመሪያ ይሳቃል፤ ከዚያ «እንዲያ ያለ ቅኔ ቀረ» ይባላል፤ ከዚያ ሰው ወደ እኔ ያያል። እኔም ብርጭቆ አነሣለሁ፣ ወደ ጓዳ እገባለሁ። ጓዳ ሆኜ ቅኔውን በልቤ እለዋለሁ።

ረቂቁን ባነበብሁ ማግስት የወንድሜ ልጅ በስልኩ በቪዲዮ ደወለችልኝና ከአባቷ ጋር አገናኘችኝ። ስልኩን አቀርቅሮ ስለያዘው የሚታየኝ ግንባሩና የክፍሉ አምፖል ነው። አርጅቷል።

«ጽሑፉን አነበብሁት» አልሁ። «አንድ ቦታ ውሸት አለው። ቅኔው አልጠፋም።»

አምፖሉ ተንቀጠቀጠ። «ማን ዘንድ አለ?»

«የቤት ሰዎች ዘንድ።»

«እስከ ዛሬ ምን ዝም አሰኘሽ?»

«እርስዎ ጠይቀውኝ አያውቁም። ጠፋ ነው የሚሉት።»

«በይው እስቲ።»

«ያችን መስመር መጀመሪያ ያውጧት። በምትኩ እንደ ሆነው ይጻፉ፤ ቅጂ ብያት ጠላ ቀዳች፣ ቴፑን እንዳትነካም የከለከልኋት እኔ ነበርሁ ብለው።»

«በየኔታ መታሰቢያ ላይ ጠላ ልጻፍ?»

«ነበረ እኮ። እርስዎም ጠጥተዋል።»

የወንድሜ ልጅ ከጎን ስትስቅ ሰማኋት። እሱ «መስመሯን አወጣለሁ» አለ። ስለ ሌላው ምንም አላለም፤ እኔም እድሜውን አይቼ አልተከራከርሁም። እዚህ ላይ ተሳሳትሁ።

ቅኔውን የቀዳሁት ራሴ ነኝ። የወንድሜ ልጅ ቤቴ መጥታ ልያዝልሽ ብትለኝ እምቢ አልሁ፤ ማይክሮፎን የሚመስለውን ምልክት በአውራ ጣቴ ይዤ ቆሜ አልሁት። ያን ሁሉ ዓመት በልቤ ነበር እንጂ ድምፅ አውጥቼ ብዬው አላውቅም። የራሴን ድምፅ በግእዝ ስሰማ ሌላ ሰው ቤቱ የገባ መሰለኝ። ስድስቱን ቤት ጨርሼ ጣቴን አነሣሁ፤ ወደ ወንድሜ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ የእሱ ድምፅ መጣ። መጀመሪያ ትንፋሹ ብቻ ነው የሚሰማው። ከዚያ «አራተኛው ቤት ላይ አንድ ቃል ይጎድላል መሰለኝ፤ ይሰበራል» አለ። ቀጥሎ ብዙ ዝምታ አለ፤ በዝምታው ውስጥ አፍንጫውን ሲጠርግ ይሰማል። መጨረሻ ላይ «አባባልሽ የኔታን ይመስላል» አለና ተቋረጠ። ይህን ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ ለልጁም አልነገርኋትም። አራተኛው ቤት ግን ምንም አይጎድለውም።

መጽሐፉ ታትሞ ባለፈው ወር ደረሰኝ። ያች መስመር ወጥታለች። ስለ ቴፑም ስለ ጠላውም አንድ ቃል የለም። ከቅኔው በላይ «ከአንዲት የቤተሰቡ አባል የቃል ትውስታ የተገኘ» ይላል። አራተኛው ቤት ላይ አንድ ቃል ተጨምሮበታል። ከሥሩ ሊቃውንት ጠይቆ ትርጓሜ አስገብቷል፤ ሴቲቱ ቤተ ክርስቲያን ናት፣ ውኃው ትምህርቷ ነው ይላል። ለሊቅ ያ ትርጉም አያሳፍርም። ግን አንዳቸውም እዚያ አልነበሩም፤ እሱም ውጭ በር ላይ ነበር።

ሁለት ቀን አሰብሁበት። ከዚያ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ ስልኩን አነሣሁ። ቅኔውን እንደገና አልሁት፤ አራተኛውን ቤት እንደ ነበረው መልሼ። ቀጥዬ በአማርኛ፣ ቅጂ የተባልሁት ምን እንደሆነ፣ ምን እንደቀዳሁ፣ ከመስኮቱ ሥር ባቄላ ስፈለፍል ምን እንደሞላሁ፣ የኔታም ወዴት እንዳሉኝ ተናገርሁ። ወርቁ እኔ ነኝ አልሁ፤ ስሜን ከነአባቴ ስም ጠርቼ። መጀመሪያ ለወንድሜ ላክሁት። ቀጥሎ መጽሐፉ ለደረሳቸው ዘመዶች ሁሉ፣ በስልኩ ውስጥ ያለውን ስም እየፈለግሁ፣ አንድ በአንድ ላክሁት።

ሦስት የአጎት ልጆች መልሰውልኛል። ወንድሜ አልመለሰም። ከመልእክቴ ጎን ግን ሁለተኛዋ ምልክት ወጥታለች፤ ሰምቶታል ማለት ነው።