የአጎቴ ፕሮሰሰር

አዲስ ማዘርቦርድ ከከረጢቱ ሲወጣ የራሱ የሆነ ሽታ አለው። ጫማ ቤት ሲገቡ እንደሚሸተው ዓይነት ነው፤ ግን ቀለል ያለ፣ ትንሽ የብረት ጠረን የገባበት። ባለፈው ሳምንት ቦሌ በሚገኘው ቢሯችን የጥገና ሠራተኛው ከጎኔ ባለው ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተር ሊገጣጥም ካርቶን ከፈተና ያ ሽታ መጣ። እጄ ኪቦርዱ ላይ እንዳለ ቀረ። "ምነው፣ አመመሽ እንዴ?" አለችኝ አጠገቤ የምትሠራው ልጅ። "ደህና ነኝ" አልኳት። ደህና ነበርኩ፤ ብቻ እዚያ አልነበርኩም። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ጎሮ፣ ከቤታችን ጀርባ ባለችው ክፍል ከአጎቴ ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ ነበር።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነበሩ። ገና ልጅ ሳሉ ኩፍኝ ዓይናቸውን ወሰደባቸው። አድገው አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስልከኛ ሆነው ተቀጠሩ፤ ጡረታ እስኪወጡም እዚያው ሰውን ከሰው ሲያገናኙ ኖሩ። ደዋዩ ገና "ሃሎ" ሲል ማን እንደሆነና ያን ቀን በምን ስሜት እንደዋለ ያውቁ ነበር ትለን ነበር እናቴ። ጡረታ ሲወጡ እኛ ጋ መጡ። አባቴ ካረፈ ወዲህ ጸጥ ብሎ የነበረው ግቢያችን ያኔ ራዲዮና ሳቅ ገባበት።

የእኔ ሥራ ማንበብ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ዩኒፎርሜን ሳልቀይር ድምፃቸው ከጓሮ ይመጣል። "መጣሽ? ነይ እስቲ፣ ዓለም ዛሬ ምን ትላለች?" ደጃፋቸው ላይ አንዲት በርጩማ ነበረች። የከሰዓት ፀሐይ ከጎረቤት ቆርቆሮ ተንጸባርቃ ጋዜጣው ላይ ታርፋለች። ከራሳችን በላይ አውሮፕላን ሲያልፍ አጎቴ ጣታቸውን ወደ ላይ ያነሣሉ፤ አቆማለሁ። ድምፁ ርቆ ሲጠፋ ጣታቸው ይወርዳል፤ እቀጥላለሁ።

ትንሽ ልጅ ሳለሁ ይህን እወደው ነበር። አሥራ አንደኛ ክፍል ስደርስ ግን ሰለቸኝ። ጓደኞቼ ጁስ ቤት ተቀምጠው ሲሳሳቁ እኔ ስለ ስንዴ ምርት አነባለሁ። እናም አንቀጽ መዝለል ጀመርኩ።

"እዚህ ጋ አንድ ነገር ጎደለ" ይሉኛል።

"ምንም አልጎደለም ጋሼ።"

"እሺ። ካልጎደለ ጥሩ።"

አይቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር።

ኮምፒውተሩ የእኔ ሐሳብ ነው። ለእሳቸው ብዬ ነው ብል መዋሸት ይሆንብኛል። ትምህርት ቤት መምህራችን ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም ባሳየን ቀን ክፍሉ ሁሉ በድምፁ ሲስቅ እኔ የማስበው ስለ በርጩማዋ ነበር። ያን ዕለት እየሮጥኩ ገባሁ።

"ጋሼ፣ ኮምፒውተር እኮ አማርኛ ያነባል!"

"ለእኔ ዓይነቱ ሰው?"

"ለእርስዎ ዓይነቱ ሰው። ማንንም ሳያስቸግሩ።"

ከዚያ "ማንንም ሳላስቸግር" ብለው ደገሙት፤ ቃሉን እንደሚቀምሱት ዓይነት። "እንግዲያው ይገዛ" አሉ።

መጀመሪያ የጎረቤት ላፕቶፕ ተውሼ አሳየኋቸው። ጣታቸውን ቁልፎቹ ላይ አሳለፉና "ይሄ የተለሰነ ግድግዳ ነው፤ የቱ የት እንዳለ በምን ልለየው?" አሉ። ጉብ ጉብ ያለ፣ የሚነካ ኪቦርድ ፈለጉ። ተገጣጥሞ የሚሸጠው ደግሞ ከአቅማችን በላይ ነበር። ስለዚህ ዕቃውን አንድ በአንድ ገዝተን ራሴ ልገጣጥመው ተስማማን። ሁለት ሳምንት ሙሉ በእናቴ ስልክ ቪዲዮ እያየሁ በደብተሬ ጻፍኩ። ፕሮሰሰሩ የሚያስበው ክፍል እንደሆነ፣ ማዘርቦርዱ ሁሉም ነገር የሚሰካበት ሰሌዳ እንደሆነ፣ ሁለቱ ካልተስማሙ ገንዘቡ ሜዳ ላይ እንደሚቀር አስረዳኋቸው።

"እንደ ስልክ ማዞሪያው ነዋ!" አሉ ፊታቸው በርቶ። "ሰሌዳው ካልተቀበለው ደዋዩ ቢጮህ ማን ይሰማዋል?"

ቅዳሜ ጠዋት ከጎሮ ሚኒባስ ተሳፈርን። ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ለቢሮ ብቻ ያደርጉት የነበረውን ክራባት አድርገው ነበር። መገናኛ ወርደን ሌላ ታክሲ ይዘን ቦሌ ደረስን፤ ክርኔን ይዘው ሦስተኛ ፎቅ ወጡ። ሱቁ ጠባብ ነው፤ እስከ ጣሪያው ካርቶን የተደረደረበት። ሻጩ ጥድፍ ጥድፍ እያለ የሚያወራ ወጣት ነበር።

"ለጌም ነው ለኤዲቲንግ?" አለኝ።

"ለማንበብ ነው። ለእሳቸው።"

አጎቴን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እሳቸው በምን በምን ይጠቀማሉ?"

"እሳቸው እዚህ ናቸው" አሉ አጎቴ። "ጆሮዬ ደህና ነው፤ እኔኑ ጠይቀኝ።"

ልጁ ደነገጠ። "ይቅርታ ጋሼ" ብሎ ወንበር አቀረበላቸው፤ ከዚያ በኋላ እየተጠነቀቀ ለእሳቸው ብቻ አወራ። ሁለት ማዘርቦርድ አውጥቶ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጠላቸው። "መሐሉ ላይ ያለውን የፕላስቲክ ክዳን ብቻ እንዳይነኩት። ከሥሩ ያሉት ፒኖች ፀጉር ነው የሚያክሉት፤ አንዱ ከተጣመመ አለቀ።"

አጎቴ ኮታቸውን አውልቀው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ጣቶቻቸው ጠርዙን ተከትለው ሄዱ፤ ስፒል የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች፣ ኬብል የሚሰካባቸውን ጥርሶች ዳሰሱ። ሱቅ ውስጥ የነበሩት ሌሎች ገዢዎች ወሬያቸውን አቁመው ያዩ ነበር።

"እነዚህ ረጃጅሞቹስ?"

"ራም የሚሰካባቸው ናቸው፤ የኮምፒውተሩ ማስታወሻ ማለት ነው።"

"እዚህኛው ሁለት ነው ያለው፤ እዚያኛው አራት።"

"ለአሁኑ ሁለቱ ይበቃዎታል ጋሼ፤ ይረክሳልም።"

"ለአሁኑ ይበቃል። በኋላ መጨመር ብንፈልግስ?" አሉና ባለ አራቱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። እኔም ደብተሬ ላይ የጻፍኩት ባለ አራቱን ስለነበር ደስ አለኝ።

የተጣላነው በፕሮሰሰሩ ነው። ሻጩ በተቀራራቢ ዋጋ ሁለት አመጣ። አንዱ ፈጣን ነው፤ ግን ውስጡ ግራፊክስ የለውም፣ ሌላ ካርድ ካልተገዛለት ስክሪን ላይ ምንም አያሳይም። ሁለተኛው ቀርፈፍ ያለ ነው፤ ግን ያለ ካርድም ምስል ያወጣል። "ለጋሼ ፈጣኑ ነው የሚሻለው" አለ። "ፕሮግራሙን እኔ እዚሁ በራሴ ካርድ እጭንላችኋለሁ። ከዚያ በኋላ ስክሪንም መግዛት የለባችሁ፤ ድምፁ ይበቃቸዋል።"

አሳማኝ ሐሳብ ነበር። "ፈጣኑን!" አልኩ እኔ።

"ምስል የሚያወጣውን ስጠን" አሉ አጎቴ።

"ጋሼ፣ ምን ያደርግልዎታል?"

"አንቺ ታያለሽ።"

"እኔ ልጠቀምበት አይደለም እኮ! እርስዎ ለብቻዎ እንዲያነቡ ነው እንጂ!"

ድምፄ ከፍ አለብኝ። ሻጩ ዓይኑን ወደ መደርደሪያው አዞረ። አጎቴ ፊታቸውን እኔ ወዳለሁበት መልሰው፣ ረጋ ብለው፣ "ምስል የሚያወጣውን ስጠን፤ ያገለገለ ስክሪንም ካለህ ጨምርበት" አሉ። በመልሱ መንገድ ታክሲ ውስጥ አላወራኋቸውም። ካርቶኑን ጭናቸው ላይ አቅፈው ይዘው ነበር፤ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር መዳፋቸውን ክዳኑ ላይ ያሳርፋሉ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ገጠምነው። ስፒሎቹን በቡና ሲኒ ይዘው ስጠይቅ ያቀብሉኛል። ፕሮሰሰሩን ሳስቀምጥ ጣታቸውን ይዤ ጥግ ላይ ያለችውን ምልክት ወደየት እንዳዞርኳት አሳየኋቸው፤ ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር። ሁሉም ተሰክቶ ስናበራው ፋኑ ዞረ፤ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። አጠፋሁ፣ አበራሁ። ያው ነው። ያበላሸሁት መሰለኝ።

"ራሙን ስትሰኪ በሁለቱም ጫፍ ጠቅ ይላል አላልሽኝም?" አሉ።

"አዎ።"

"እኔ አንዱን ብቻ ነው የሰማሁት።"

ጫን አልኩት። ጠቅ አለ። ስክሪኑ በራ፤ እኔ ጮህኩ፣ እናቴ ሊጥ በእጇ እንደያዘች እየሮጠች መጣች።

ፕሮግራሙን ጭኜበት ማሽኑ ለመጀመሪያ ጊዜ አማርኛ ሲያነብ አጎቴ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። "ይሄ ሰውዬ አፍንጫውን ይዞ ነው እንዴ የሚያወራው?" አሉ። በወሩ ግን ለመዱት። ጋዜጣውን ከኢንተርኔት እሳቸው ይከፍታሉ፣ እሳቸው ይዘጋሉ፤ ከፈለጉ አንዱን ዓረፍተ ነገር አሥር ጊዜ ያስደግሙታል። እኔ ነፃ ወጣሁ። ጁስ ቤቱም ደረስኩ።

አንድ ነገር ግን ማሽኑ አይችልም ነበር። ፎቶ ላይ ሲደርስ "ምስል" ይልና ያልፋል። ያኔ አጎቴ ይጠሩኛል። "ነይ እስቲ፣ ይሄ ሰውዬ 'ምስል' ብሎኝ አለፈ። ምንድን ነው?" ጎንበስ ብዬ አይና እነግራቸዋለሁ። ድልድይ ነው። ምን ዓይነት ድልድይ? የድንጋይ። ሰው አለበት? አንዲት ሴት አለች። ወዴት ታያለች? ጥያቄያቸው አያልቅም። መጀመሪያ ደስ እያለኝ እሄድ ነበር። በኋላ "መጣሁ" እያልኩ እቀር ጀመር። ይሄን ስነግራችሁ እንኳ ያ "መጣሁ" ጆሮዬ ላይ አለ፤ ሳይጠሩኝ ሲቀሩ የተገላገልኩ ይመስለኝ እንደነበር ጭምር።

ዩኒቨርሲቲ ሐዋሳ ደረሰኝ። ስደውል "አንቺ የምትነግሪኝ ነገር አለ፤ ስትመጪ" ይሉኛል። "እሺ ጋሼ" እላለሁ፤ ስመጣ ግን ሁለት ቀን ለጓደኞቼ፣ አንድ ቀን ለእንቅልፍ እየሆነ እመለሳለሁ። ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳል ጀመራቸው። እናቴ "ጉንፋን ነው፣ ፈተናሽን ጨርሺ" አለችኝ። ጨርሼ ስደርስ ድንኳኑ ተተክሎ ነበር።

ከአርባቸው በኋላ እናቴ ክፍላቸውን ልታጸዳ አስባ "ኮምፒውተሩን አንቺ እዪው" አለችኝ። አበራሁት። ያ አፍንጫውን የያዘ ድምፅ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰላም አለኝ። ቁልፉን ስጫን ፎልደሮቹን አንድ በአንድ ጠራልኝ። ጋዜጣ። ደብዳቤ። ጸሎት። ከዚያ "ስትመጣ" አለ።

ከፈትኩት። መቶ የሚያህል ፎቶ ነው። ያነበቡት ጽሑፍ ላይ ማሽኑ "ምስል" ብሎ ያለፈውን ሁሉ፣ ፋይል መገልበጥ እንዳስተማርኳቸው እየገለበጡ አስቀምጠውት ነበር። ምን እንደሆኑ አንዱንም አያውቁም ነበር።

የመጀመሪያው የሕፃናት እግር ኳስ ቡድን ነው። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ጮክ ብዬ ጀመርኩ። "አሥራ አንድ ልጆች ናቸው ጋሼ። መለያቸው ቢጫ ነው፤ ሰፍቷቸዋል። ጥግ ላይ ያለው አንድ እግሩ ጫማ የለውም፤ ከሁሉም በላይ የሚስቀው እሱ ነው።" ሁለተኛው ሐይቅ ላይ ያለ ታንኳ ነበር። ሦስተኛው አንድ ሽማግሌ ሐኪም ቤት በር ላይ ቆመው። ያዩበትን አቅጣጫ፣ የያዙትን ነገር፣ ፀሐይ ከየት እንደመጣች ሳይቀር ተናገርኩ። ምንም አልዘለልኩም።

እናቴ መጥረጊያ ይዛ በሩ ላይ ቆማ እንደነበር አላየኋትም።

"ከማን ጋር ነው የምታወሪው?" አለችኝ።

ስክሪኑን አሳየኋት። የፎልደሩን ስም ብዙ ቆይታ አነበበችው። ከዚያ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"የሚቀጥለውስ ምንድን ነው?" አለች።