የሬጃፏ ፍየል

ፍየሏን እስካሁን አላረድኳትም። ጁባ፣ አትላባራ ሰፈር፣ ግቢያችን ውስጥ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር ታስራለች። ጎረቤቶቼ በፋሲካ ሰሞን ጀርባዋን እየዳበሱ፣ «ምን ትጠብቂያለሽ? ጮማ ሆናለች እኮ!» አሉኝ። ይህች ፍየል ከሞተች የልጅ ልጄን አጣለሁ።

ልጅቷ እናቷም አባቷም በኒሙሌ መንገድ በመኪና አደጋ ካለፉ ወዲህ እኔ ጋ ናት፤ እማዬ ትለኛለች። አባቷ የዚህ አገር ሰው ነበር፤ ዘመዶቹ ከጁባ ወጣ ብሎ ሬጃፍ ይኖራሉ። ልጄ ስታገባ እንደ ወጋቸው ከብት ሊሰጡን ሲነሱ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። «ልጄን ገበያ አላወጣሁም» አልኳቸው። ኮንዮ ኮንዮ ገበያ በርበሬና ሽሮ እየሸጥኩ ያሳደግኳት ልጅ ናት። በርበሬ ይመዘናል፣ ሰው አይመዘንም። እነሱም ተያይተው ተነሥተው ሄዱ።

የአባቷ ወንድም፣ አጎቷ፣ ወደ ቤታችን መመላለስ የጀመረው ከቀብሩ በኋላ ነው። በስደት አዲስ አበባ ያደገ ስለሆነ አማርኛው ከእኔ ይፈጥናል። ሽሮውን ጠራርጎ በልቶ «እማማ፣ ድስቱንም ላጥብልዎት?» ይለኛል። ወደድኩት። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስለ አንድ ታሪካዊ ቦታ ጻፊ ተብላ ስትመጣም ቀድሞ የተናገረው እሱ ነው።

«ሬጃፍ ልውሰዳችሁ። ተራራው አለ፣ አሮጌው ቤተ ክርስቲያን አለ። እርስዎስ ይህን ያህል ዘመን ጁባ ኖረው ከኮንዮ ኮንዮና ከማላኪያ ገበያ ሌላ ምን አዩ?»

እውነቱን ነው፤ ምንም አላየሁም። ቅዳሜ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርን።

ተራራው በሜዳው መሐል እንደተደፋ ማሰሮ ብቻውን ቆሟል። ቤተ ክርስቲያኑ በጡብ የተሠራ ነው፤ ውስጡ ቀዝቃዛ ነበር፣ የሌሊት ወፍ ይሸታል። ያዞረን የአባቷ ትልቅ አጎት ነው፤ ነጭ ፂም ያለው፣ ረጅም ሽማግሌ። በዓረብኛ ሲያወራ አጎቷ ይተረጉምልኛል። ዱሮ አጠገቡ በሚያልፈው ወንዝ በጀልባ የመጡት ፈረንጆች መቃብር ላይ ድንጋይ ቆሞላቸዋል። ሽማግሌው ወደ ወንዙ እያመለከተ፣ በዚህ የዝሆን ጥርስና ለባርነት በገመድ የታሰረ ሰው አብሮ ይጫን ነበር አለን።

«የታሰሩትስ መቃብራቸው የት ነው?» አልኩ።

«እነሱማ መቃብር የላቸውም።»

ተናደድኩ። «የገመዱ ባለቤት ድንጋይ ይቆምለት፣ የታሰረው ይረሳ? ይሄ ፍርድ ነው?» አልኩ። ሽማግሌው ሲተረጎምለት ሳቀና «ይህች ሀቦባ ዳኛ መሆን ነበረባት» አለ። ሀቦባ አያት ማለት ነው። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። እጇን ጡቡ ላይ አድርጋ፣ «አባዬ ልጅ ሆኖ እዚህ ይጫወት ነበር?» ብላ ጠየቀች። ነበር አሏት። እጇን ቶሎ አላነሳችም።

ከዚያ ዘመዶቻቸው ግቢ ወሰዱን። አንዲት ሴት የማሽላ ጠላ የምትጠምቅበት ትልልቅ እንስራ አሳዩን፤ እንግዳ ከሁሉ በፊት ሊያየው የሚገባ እሱን ነው አሉ። ቀድተው ሰጡኝ። እኔ ጴንጤ ነኝ፣ አልጠጣም። ጽዋውን ስመልስ የሴትዮዋ ፊት ጠቆረ። ሰው ቤት ገብቼ የቀረበልኝን መመለሴ አንገበገበኝ። ስለዚህ ሽማግሌው ፍየል እየጎተተ መጥቶ ገመዷን ሲዘረጋልኝ እንደ አስተዳደጌ ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ተቀበልኩ። «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ። ሴቶቹ እልል አሉ፣ ወንዶቹ አጨበጨቡ። በእኛ አገር ሽርሽር ሲወጣ ፍየል ይታረዳል፤ ለምሳችን መስላኝ ነበር።

ማንም ቢላ አላመጣም። ፍየሏን ሚኒባሱ ኋላ ጭነውልን ተመለስን።

መንገድ ላይ ልጅቷ፣ «አጎቴ፣ እማዬ ገመዱን ስትይዝ ለምን እልል አሉ?» አለችው።

በመስኮት ወደ ውጭ አየ። «የእናትሽ ጥሎሽ መጀመሪያ ናት። አያትሽ ተቀበሉ። ከብቱ ትምህርት ሲዘጋ ይመጣል። ከዚያ ወዲያ... አንቺ የእኛ ነሽ።»

ወደ እሱ ዞርኩ። «አንተ! አዲስ አበባ አይደል ያደግከው? እኛ ለሽርሽር ፍየል እንደምናርድ ታውቃለህ አይደል?»

«አውቃለሁ፣ እማማ።»

«ታዲያ አውቀህ ዝም አልክ?»

«ብነግርዎት ይቀበሉ ነበር? ወንድሜ ከእሷ ሌላ ምን አለው? ከብት ካልተሰጠ በእኛ ወግ ልጅ የእናት ወገን ናት። የሱ ስም ይጥፋ?»

ሚኒባሱን አስቆምኩ። ፍየሏን እየጎተትኩ በእግሬ መመለስ ጀመርኩ። ልጅቷ እያለቀሰች ተከተለችኝ። አጎቷም ወርዶ ከጎኔ ተራመደ።

ሬጃፍ ስንደርስ ገመዱን ለሽማግሌው ዘረጋሁለት፤ አልነካም። ጮኽኩበት፤ አጎቷ ተረጎመ፦ «ያልተነገረኝን አልተቀበልኩም! በርበሬ እንኳ ስሸጥ አሸትቼ፣ አስቀምሼ ነው። የሰው ልጅ እንዴት በዝምታ ይወሰዳል?»

«ማሌሽ፣ ሀቦባ» አለ፤ አይዞሽ ማለቱ ነው፣ አዝኖልኛል። «በሰው ፊት ገመዱን ይዘሻል። የታረደ አይመለስም። በሕይወት ያለ ግን ይነገርበታል። ከብቱን ስናመጣ ፍየሏን በእግሯ አቁመሽ ተናገሪ፤ እንሰማለን።» እንሰማለን ነው ያለው። እንመልሳለን አላለም።

ለዚህ ነው የማላርዳት። ስታስል እንቅልፍ አይወስደኝም። ገበያ ስሄድ በሩን ቆልፌ፣ ተመልሼ መቆለፉን አያለሁ። ለካ ጮማ አልነበረም፣ አርግዛ ኖሯል። ግልገሉም የእነሱ ነው፤ እሱንም እመልሳለሁ። የሰው ነገር እኔ ጋ አይቀርም፤ የእኔም ሰው ጋ እንዲቀር አልፈልግም። የምናገረውን ጉድ ጉድ ስል አጠናለሁ፤ በዓረብኛ ሲሆን ግን ቃሉ ያጥርብኛል።

ትናንት ልጅቷ የጎመን ቅጠል ስታበላት ቆይታ፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ «እማዬ፣ እኔን ግን ማን ጠየቀኝ?» አለች።

ልክ ናት። የበደላት ሌላ ሰው ቢሆን፣ ያንን ጥያቄ ቀድሜ የምጮኸው እኔ ነበርኩ። «አንቺስ ከማን ጋር መኖር ትፈልጊያለሽ?» ልላት አልኩ። ሬጃፍ ጡቡ ላይ የቆየው እጇ ታየኝ። ሄጄ የፍየሏን ገመድ ፈታሁና ከፀሐዩ ወደ ጥላው አዛውሬ እንደገና አሰርኳት። ትምህርት ሊዘጋ ነው። እስካሁን አልጠየቅኳትም።